በ85 ሺህ ብር ልጀምር ወይስ ብድሩን ልውሰድ?

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 26 ነው። የምኖረው ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ በሚገኝ አንድ የልብስ ፋብሪካ ሦስት ዓመት ኦፕሬተር ሆኜ ሠርቻለሁ። ፋብሪካው ትዕዛዝ ሲቀንስበት ከሥራ ወጣሁ። ያጠራቀምኩት 85 ሺህ ብር እና የእናቴ የእግር ሲንጀር አለኝ። የልጆች ልብስና የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋሁ የምሸጥበት ሱቅ ለመክፈት 500 ሺህ ብር ብድር ጠይቄ ነበር፤ ዋስትና ስለሌለኝ አልተሳካም። አሁን አጎቴ ቤቱን ሊያስይዝልኝ ፈቃደኛ ሆኗል። ስልጠና ላይ ግን ‹እጥረት ፈጠራን ይወልዳል፣ በትንሽ ጀምሩ› ይሉናል። ይሄ እውነት ነው ወይስ ብር ለሌለው ሰው የሚነገር ማጽናኛ? ብድሩን ልውሰድ ወይስ ባለኝ ልጀምር? ይምከሩኝ።»

ምላሽ፦ የአጎትሽን ቤት አታስይዢ። ባለሽ ጀምሪ። ግን ስልጠና ላይ በነገሩሽ ምክንያት አይደለም፤ እሱ ምክንያት ግማሹ ብቻ ነው ልክ።

እጥረት በራሱ ምንም አይወልድም። ቢወልድ ኖሮ ከ2014ቱ ጦርነት በኋላ ሱቃቸውን ባዶ ያገኙ የደሴና የኮምቦልቻ ነጋዴዎች ሁሉ ዛሬ የተሻለ ቦታ ላይ በነበሩ። ከነሱ ውስጥ እስካሁን ያላገገሙ አሉ። ሰነፍ ስለሆኑ አይደለም። የእጥረት ዓይነቱ ይለያያል። አንዱ ዓይነት ሰውን ያነቃል፣ ሌላው ያደነዝዛል። ጥያቄሽ ውስጥ ሁለቱ ስለተቀላቀሉ ልለያቸው።

እ.ኤ.አ. በ2013 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ አንድ ጥናት አለ። ደቡብ ሕንድ፣ ታሚል ናዱ ውስጥ ሸንኮራ አገዳ የሚያመርቱ ገበሬዎች ምርት ከመሰብሰባቸው በፊትና ከሰበሰቡ በኋላ ተመሳሳይ የማሰብ ፈተና ተሰጣቸው። ሰዎቹ ያው ናቸው። ኪሳቸው በደረቀበት ወቅት ያመጡት ውጤት ብር ካገኙ በኋላ ካመጡት ያነሰ ሆነ። የነገ አስቤዛና የዕዳ ጭንቀት የሐሳባቸውን ጉልበት በልቶታል። በ2016 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ተቃራኒ የሚመስል ነገር አሳየ። ስለ እጥረት እንዲያስቡ የተደረጉ ሰዎች በእጃቸው ያለውን ዕቃ ላልተለመደ አገልግሎት በማዋል ተሽለው ተገኙ።

ሁለቱ አይጋጩም። የመጀመሪያው የጓዳ እጥረት ነው። ሁለተኛው የዕቃ እጥረት ነው። እናም ያንቺ የመጀመሪያ ሥራ እጥረቱ ሥራሽ ላይ እንዲቆይና ጓዳሽ እንዳይገባ አጥር ማበጀት ነው። የአጎትሽን ቤት ማስያዝ አጥሩን ራስሽ ማፍረስ ነው። ያኔ ስትቆርጪ የምታስቢው ስለ ጨርቁ አይሆንም፤ ስለ ወር መጨረሻው ክፍያ ነው።

ብሩ ምን ያህል እንደሆነ እንየው። 500 ሺህ ብር በ20 በመቶ ወለድ፣ በሁለት ዓመት የሚከፈል ብለን እንያዝ። በየወሩ እኩል ብትከፍዪ ወደ 25,400 ብር ገደማ ይደርሳል። ይህን የምትከፍዪው የሱቅ ኪራይ፣ የጨርቅና የራስሽ ቀለብ ሳይቆጠር ነው። ክፍያው ደግሞ ዩኒፎርም በማይሸጥበት በጥርና በየካቲትም አይቆምም። ገና አንድ ልብስ ከጥግ እስከ ጥግ ሰፍታ ላልሸጠች ሰው ይሄ በጣም ከባድ ሸክም ነው።

«በትንሽ ጀምሮ ያደገ አለ ወይ?» ካልሽኝ አለ። ግን እንዴት እንዳደገ ማየት ያስፈልጋል። ቶዮታን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1950 ድርጅቱ ሊከስር ጫፍ ደርሶ ነበር። ሠራተኛ ቀነሰ፤ የመኪና ሥራውን የመሠረተው ኪይቺሮ ቶዮዳ ከኃላፊነቱ ለቀቀ። እንደ አሜሪካኖቹ ለየአንዳንዱ የመኪና ክፍል የተለየ ግዙፍ ማሽን መግዛት አይችሉም። መጋዘን ሙሉ ዕቃ አከማችቶ ገዢ መጠበቅም አይችሉም። ስለዚህ የቶዮታው መሐንዲስ ታይቺ ኦኖና ባልደረቦቹ ባሏቸው ጥቂት ማሽኖች ላይ የቅርጽ ማውጫውን ቶሎ ቶሎ እየቀያየሩ ብዙ ዓይነት ክፍል ማውጣት ጀመሩ። ሰዓታት ይፈጅ የነበረው ቅያሪ ከዓመታት ጥረት በኋላ ወደ ደቂቃዎች ወረደ። የሚሠሩትም የሚፈለገውን ያህል፣ በሚፈለግበት ጊዜ ሆነ። ፋብሪካሽ ግድግዳ ላይ «አምስቱ ማዎች» ተለጥፈው ሳታዪ አትቀሪም። ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት የሚሉት። ወደኛ የመጡት ካይዘን ከሚባለው ከዚያው የጃፓኖች ልምድ ነው፤ የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት የተቋቋመው በ2004 ዓ.ም. ነው።

እኛም አገር አለ። ሶልሬብልስ የተባለውን የጫማ ድርጅት የመሠረተችው ቤተልሔም ጥላሁን አዲስ አበባ ዘነበወርቅ ሰፈር ስትጀምር የያዘችው ነገር ሁላችንም የምናውቀውን ነው። ከአሮጌ ጎማ የሚሠራ በረባሶና የሰፈሯ ሰዎች የእጅ ሙያ።

ከሁለቱም ታሪክ ብዙ ሰው የሚዘላት ነገር አለች። ቶዮታ ብር አጠረው እንጂ መሐንዲስ አላጠረውም። ዘነበወርቅ ብር አጠረ እንጂ ፈትል የሚፈትልና ጥበብ የሚሸምን እጅ አላጠረም። ሙያ ባለበት ቦታ የብር እጥረት መላ ይወልዳል። ሙያው በሌለበት ግን የብር እጥረት ያው እጥረት ብቻ ነው፤ ብር ቢጨመርበትም ብሩ ይባክናል።

አሁን ወዳንቺ ልምጣ። ያጠረሽ ዋናው ነገር ብር አይመስለኝም። ሦስት ዓመት ኦፕሬተር ነበርኩ ብለሻል። የፋብሪካ መስመር ላይ አንድ ሰው የሚሰፋው አንድ ነገር ነው። አንዷ ኮሌታ፣ አንዷ እጅጌ፣ አንዷ ኪስ። ፓተርን፣ ማለትም ጨርቁ የሚቆረጥበትን የወረቀት ልክ፣ የሚያወጣው ሌላ ነው፣ የሚቆርጠውም ሌላ ነው። እጅሽ ፈጣንና ንጹሕ እንደሚሆን አልጠራጠርም፤ ከፋብሪካ የወጡ ልጆች ስፌት ያስታውቃል። ግን መቁረጥ ትችያለሽ? ጥያቄሽ ላይ አልጻፍሽውም። ካልቻልሽ በ500 ሺህ ብርም በ85 ሺህ ብርም ትቸገሪያለሽ።

ምክንያቱም የልብስ ስፌት ትርፍ ያለው መቀሱ ላይ ነው። ከአንድ ልብስ ወጪ ትልቁ ድርሻ አብዛኛውን ጊዜ የጨርቁ ነው። ወርዱ 1 ሜትር ከ50 የሆነ ጨርቅ ላይ የሁለት ልጆች ሱሪ ልታወጪ ነው እንበል። ፓተርኖቹን ሁሉ በአንድ አቅጣጫ ብትደረድሪያቸው በመሐላቸው ብዙ ጨርቅ ይባክናል። አንዱን ገልብጠሽ ሰፊውን የጭን በኩል ከሌላው ጠባብ የእግር በኩል ጋር ብታገጥሚው ይጠጋጋሉ። በተረፈው ላይ ኪስና የቀበቶ ማስገቢያ ይወጣል። ከአንድ ሱሪ የምታተርፊው አሥር ሳንቲሜትር ከሆነ ሠላሳ ሱሪ ላይ ሦስት ሜትር ጨርቅ ነው። ይሄ ብድር የማይከፈልበት ብር ነው።

ግን ተጠንቀቂ። ጸጉር ያለው ጨርቅ ወይም አቅጣጫ ያለው አበባና ሥዕል ከሆነ መገልበጥ አይቻልም፤ ሲለበስ አንዱ እግር ሌላ ቀለም ይመስላል። ፓተርኑን ቦታ ለመቆጠብ ብለሽ ከጨርቁ የክር መስመር አታዛንፊው። ሲታጠብ ይጠማዘዛል። ጥጥ ከሆነም ከመቁረጥሽ በፊት አጥበሽ አድርቂው፣ አለበለዚያ ልጁ በሁለተኛው ሳምንት ያጥረዋል። ለፓተርን ውድ ወረቀት አያስፈልግሽም። የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ጠንካራ ነው፣ አይቀደድም።

ስለዚህ ሁለት ወር ከአንድ ጥሩ ቆራጭ ጋር ቁጭ በይ። ደሴ ላይ ሱፍ እየቆረጡ ዕድሜያቸውን የጨረሱ አባቶች አሉ። የአንቺ ፍጥነት እነሱ ጋ የለም፣ የእነሱ መቀስ አንቺ ጋ የለም። አንዱን ቀርበሽ «አባባ፣ እኔ እየሰፋሁ ላግዝዎት፣ እርስዎ መቁረጥ ያሳዩኝ» በይው። ክፍያ ቢጠይቅም ክፈይ። ካለሽ ብር ሁሉ የተሻለ የምታወጪበት ቦታ ይሄ ነው።

በእነዚያ ሁለት ወራት ገቢ እንዳይቋረጥ ከሰልባጅ ጀምሪ። ብዙ ልብስ ሰፊ ሰልባጅን እንደ ጠላት ነው የሚያየው። አዲስ የልጅ ልብስ ሰፍተሽ በዋጋ ከሰልባጅ ጋር መወዳደር ከባድ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን የሰልባጅ ገዢ ሁሉ አንድ ችግር አለበት፤ ልብሱ ልኩ አይደለም። ማስጠበብ፣ ማሳጠር፣ ዚፕ መቀየር፣ የአባትን ጃኬት ለልጅ ማሳነስ። ለዚህ ጨርቅ አትገዢም፣ ሱቅ አትከራዪም። ሲንጀርሽ የእግር ስለሆነ መብራት ሲጠፋም አይቆምም። በዚያ ላይ ያለቀለትን ልብስ መፍታት ትልቅ ትምህርት ቤት ነው። ስፌቱን ስትተረትሪው እንዴት እንደተቆረጠ ታያለሽ። ሰልባጅ ሻጮች ጋ ሄደሽ «ገዢያችሁ ልኩ ካልሆነ ወደ እኔ ላኩት» ብትዪ ለእነሱም ሽያጭ ይሆንላቸዋል።

ዩኒፎርሙን በቀብድ ሥሪ። ለአንድ ዩኒፎርም ጨርቅና ክር 600 ብር ቢፈጅና በ1,000 ብር ብትሸጪው፣ 600ውን በቅድሚያ ከተቀበልሽ የራስሽ ብር አልገባበትም። ሠላሳ ወላጅ ቢያዝሽ 18 ሺህ ብር የጨርቅ መግዣ እጅሽ ገባ ማለት ነው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ናቸው፤ የገበያውን ዋጋ አንቺ አስገቢበት። ዋናው ነገር ግን የተቀበልሽው ቀብድ ያንቺ ብር አለመሆኑን አትርሺ። ልብሱ እስኪወጣ የወላጁ ብር ነው። ለቤት ኪራይ የነካሽው ቀን ሥራው መበላሸት ይጀምራል። ደረሰኝ ስጪ፣ ቀን ጻፊ፣ በቀኑ አድርሺ። ትምህርት ተከፍቶ ልጅ ያለ ዩኒፎርም ከቀረ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማዋል።

ትምህርት ቤቶችና ትልልቅ ነጋዴዎች በብዛት እንድትሰፊላቸው ሊጠይቁሽ ይችላሉ። ሁለት መቶ ዩኒፎርም ሲባል ልብ ይሞቃል። ክፍያው መቼ ነው? «ሲሸጥ» ወይም «ወላጆች ሲከፍሉ» ከተባልሽ እምቢ በይ። ያኔ ያንቺ 85 ሺህ ብር ከአንቺ የሚሻል አቅም ላለው ሰው ያለ ወለድ ብድር ሆነ። በትንሽ ካፒታል የሚሠራ ሰው ዱቤ መስጠት አይችልም። ይሄን ለዘመድም ቢሆን በግልጽ መናገር ይኖርብሻል። ወሎ ላይ ይሉኝታ እንዴት እንደሚያስቸግር አውቃለሁ። ግን ዱቤ የጀመረ ሰፊ ደብተሩ ይሞላል እንጂ ኪሱ አይሞላም።

ትንሽ ብር ጉልበት የሚያገኘው በመሽከርከር ነው። 40 ሺህ ብር ጨርቅ ላይ አውለሽ 20 በመቶ ብታተርፊ 8 ሺህ ነው። ጨርቁ በሁለት ሳምንት ተሰፍቶ ተሸጦ ካለቀ በወር ሁለት ዙር፣ 16 ሺህ ብር ይሆናል። ያው ጨርቅ መደርደሪያ ላይ ሦስት ወር ከተቀመጠ ግን በሦስት ወር 8 ሺህ ብቻ ነው። ብሩ አልተለወጠም፣ ፍጥነቱ ነው የተለወጠው። ሱቅ ከፍተሽ በመደርደሪያ ልብስ አሟልተሽ ገዢ መጠበቅ ለአሁኑ ያልደገፍኩት ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ «ጨርቅ ገዝቶ ማስቀመጥ ይሻላል፣ ብር እየወደቀ ነው» የሚሉሽ ይኖራሉ። ነገሩ መሠረት አለው። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ምን እንደሆነ አይተናል። እኔ የምለው፣ ካስቀመጥሽ የሚቀመጠው ዓመት ዓመት የማይለወጥ የዩኒፎርም ጨርቅ ይሁን። ያውም አንቺ የምትሰፊላቸው ትምህርት ቤቶች ቀለም። የፋሽን ጨርቅ አታስቀምጪ።

ብሩን ስከፍለው እንዲህ ነው። 30 ሺህውን ለቤት። አትነኪውም፤ ከላይ ያልኩሽ አጥር እሱ ነው። 10 ሺህውን ለመቁረጥ ትምህርትና ለጥሩ መቀስ፣ ለካውያ፣ ለሜትር። 25 ሺህውን ለጨርቅ፣ ለክርና ለዚፕ። የቀረውን 20 ሺህ ለአደጋ ያዢው፤ ማሽን ይሰበራል፣ ጨርቅ ይበላሻል፣ ሰው ይታመማል። ኦቨርሎክ፣ ማለትም የጨርቁ ጠርዝ እንዳይተረተር የሚሰፋውን ማሽን፣ አሁን አትግዢ። ያለው ሰፊ ጋ በልብስ ቁጥር እየከፈልሽ አስደርጊ። ይሄ ለአንድ ልብስ ትንሽ ያስወጣሻል፣ ግን ሥራ በሌለበት ወር ምንም አያስወጣሽም።

ቁጠባ የማይገባበት ቦታም አለ። ርካሽ ክርና ርካሽ ዚፕ አትግዢ፤ ዩኒፎርም የሚመለሰው በእነሱ ነው። በደብዛዛ መብራት አትስፊ። አጋዥ ልጅ ከያዝሽ ደመወዟን አታጓድዪ። «ፈጠራ» እያሉ ከሰው ላብ መቆጠብ ፈጠራ አይደለም፣ በደል ነው።

የፋብሪካ ቁርጥራጭም ሳይታወስሽ አይቀርም። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ለልጅ ልብስ ኪስና ማስጌጫ ይሆናል። ግን ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ለውጭ ገበያ የሚሰፋው ጨርቅ ከቀረጥ ነጻ የገባ ነው። ያለ ሕጋዊ ወረቀት ከወጣ ኮንትሮባንድ ነው። የቀድሞ ባልደረባ «ላውጣልሽ» ብትልሽ አይሆንም በያት። በሕጋዊ መንገድ በደረሰኝ የሚሸጥ ካለ ብቻ ግዢ።

አንድ ነገር ደግሞ አለሽ፤ ብዙ ሰው የሌለው። ደሴንም ኮምቦልቻንም ታውቂያለሽ። በመሐላቸው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው ያለው፣ አየሩ ግን ሌላ ነው። ደሴ ልጅ ሲበርደው ኮምቦልቻ ልጅ ይሞቀዋል። ደሴ ላይ ወፍራም ሹራብና ገበር ያለው ጃኬት ሲፈለግ፣ ቁልቁል ወርደሽ ስስ ጥጥ ትሸጫለሽ። አንዱ ከተማ ላይ ሲቀዘቅዝብሽ ሌላው ሊያሠራሽ ይችላል። በሚኒባስ የሚሄድ ዕቃ ነው፤ ሁለት ሱቅ አያስፈልግም። ፓርኩ አካባቢ ካሉ የቀድሞ ባልደረቦችሽ መሐል ደግሞ ልጆች ያሏቸው እናቶች ይኖራሉ። የመጀመሪያ ትዕዛዝሽን እዚያ ፈልጊ።

ብድር ለዘላለም አትውሰጂ አላልኩም። ጊዜው የሚታወቀው ሥራ መመለስ ስትጀምሪ ነው። ሁለት ሦስት ወር በተከታታይ «አልደርስልሽም» እያልሽ ቀብድ የያዘ ሰው ከመለስሽ፣ የጎደለሽ ነገር ምን እንደሆነ ያኔ በግልጽ ታያለሽ። ኦቨርሎክ ከሆነ ለኦቨርሎክ ብቻ ተበደሪ። ለማሽን ሲሆን ማሽኑ ራሱ ዋስትና የሚሆንበት የሊዝ አሠራር አለ፤ የአጎትሽ ቤት አያስፈልግም። በከተማው ሥራና ስልጠና መምሪያ በኩል ተደራጅተሽ የመሥሪያ ቦታ መጠየቅም ትችያለሽ፣ ግን ሼድ እስኪገኝ ብለሽ ሥራውን አታቁሚ። እቁብም ጥሩ ነው፣ ከደረሰሽ በኋላ ግን በየሳምንቱ የምትከፍዪው ዕዳ መሆኑን አስቢ። ገቢሽ በነሐሴና በመስከረም የሚያብጥ፣ በሌላው ወር የሚቀጥን ስለሆነ፣ የእቁቡ መጠን በቀጭኑ ወር የምትችዪው ይሁን።

ስለዚህ ለአጎትሽ «አሁን አልፈልግም፣ እግዜር ይስጥልኝ» በዪው። ሁለት ወር መቁረጥ ተማሪ፣ በሰልባጅ ማስተካከል ቀለብሽን አውጪ፣ ከሐምሌ ጀምሮ ለነሐሴና ለመስከረም በቀብድ ዩኒፎርም ተቀበዪ። አንድ ደብተር ያዢ። ያዘዘው ሰው ስም፣ ቀብዱ፣ የፈጀው ጨርቅ በሜትር፣ የተረከበበት ቀን። የመለስሻቸውን ትዕዛዞችም በሌላ ገጽ ጻፊ። ከመስከረም በኋላ ለማሽን ልትበደሪ ስትሄጂ አበዳሪውን የሚያሳምነው ያ ገጽ ነው።